ትልልቆቹን ቃላት ይተዉአቸው፤ የመሣሪያ ሣጥንዎን ይፈትሹ

ጥያቄው፦ «ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ 11 ዓመት በግንባታ ቦታ ሠርቻለሁ። ስለ ሙያዬም ስለ ራሴም የምጽፍበት ብሎግ ልከፍት አስቤአለሁ። ስለ ኮንክሪትና ስለ ስንጥቅ ግድግዳ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስላነበብኳቸው መጻሕፍትና ስለ ድካምም እንዲሁ። ስሙ ግን አቃተኝ፤ ሦስት ወር ሆነኝ። በዝርዝሬ ላይ ‹የሕይወት ብርሃን›፣ ‹ጥበብና ተስፋ›፣ ‹የመሐንዲሱ ማስታወሻ›፣ ‹ኅብር› እና የራሴ ሙሉ ስም አሉ። ለሁለቱም ሕይወቴ የሚሆን፣ ትርጉም ያለው ስም እንዴት ላግኝ?»

ሦስት ወር አይግረምዎት። እኔ መተዳደሪያዬ ለሌሎች ስም ማውጣት ሆኖ ሳለ ለራሴ ብሎግ ስም ፍለጋ አምስት ወር ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ያወጣሁትም ስም መጥፎ ነበር። እሱን ቆይቼ አወራዎታለሁ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ለሕፃን ይሠራ ይሆናል፤ ለብሎግ ስም ሊያወጣ የመጣ መልአክ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ዝርዝርዎን ደጋግሜ ሳየው የስም እጥረት እንደሌለብዎት ገባኝ። ያስቸገረዎት አንድ ስም ላይ ሦስት ሸክም መጫንዎ ነው። ስሙ ማን እንደሆኑ እንዲናገር፣ ምን እንደሚጽፉ እንዲያስረዳ፣ ከዚያም አልፎ ጥልቅ ትርጉም እንዲኖረው ይፈልጋሉ። እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሙሉ ሕንፃውን ጭነት አንድ ምሰሶ ላይ ያሳረፈ ንድፍ ቢቀርብልዎ አይፈርሙበትም። እንግዲያው ጭነቱን እናከፋፍለው። ማንነትዎን የድረ ገጹ አድራሻ ይሸከም። ማብራሪያውን ከስሙ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትሸከም። ስሙ ትርጉሙን ብቻ ይዞ ይቁም። ሦስቱን ለየብቻ ሲያስቧቸው እያንዳንዱ ከገመቱት በላይ ቀላል ሆኖ ያገኙታል።

ከትርጉሙ ልጀምር፤ የጠየቁት እሱን ነውና። «የሕይወት ብርሃን» እና «ጥበብና ተስፋ» ላይ ያለኝ ተቃውሞ ቃላቱ ክፉ ናቸው የሚል አይደለም። የሁሉም ሰው መሆናቸው ነው ችግሩ። ብርሃን፣ ተስፋ፣ ጥበብ፣ ራእይ፦ እነዚህን ቃላት ማኅበሩም፣ ማስታወቂያውም፣ የንግግር መድረኩም እየተፈራረቀ ሲለብሳቸው ኖሮ ድርና ማጋቸው ሳስቷል። አንባቢ «የሕይወት ብርሃን» የሚል ርዕስ ሲያይ ስለ ጤና ይሁን ስለ ሃይማኖት፣ ስለ አምፖል ይሁን ስለ ኢንሹራንስ መገመት አይችልም። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። እንዲህ ያለ ስም ገና አንድ መስመር ሳይጽፉ ምስጋና ይጠይቅልዎታል። ራሱን ብርሃን ብሎ የሰየመ ሰው የመጀመሪያውን ደብዛዛ ጽሑፍ ባወጣ ቀን ይሳቅበታል። ትሑት ስም ግን ዕዳ የለበትም፤ ጽሑፉ ሲያምር አብሮ ያምራል።

ስም ትርጉሙን የግድ ከመዝገበ ቃላት እንደማያገኝ ለማየት ኮዳክን ያስቡ። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሜራውን ለገበያ ሲያቀርብ የሰጠው ስም ከየትኛውም ቋንቋ የተወሰደ ቃል አልነበረም፤ «ኬ» የሚለውን የላቲን ፊደል ስለወደደው በእሱ የሚጀምርና በእሱ የሚጨርስ ቃል ራሱ ፈጠረ። ትርጉሙን የሰጡት በኋላ የተነሡት ፎቶግራፎች ናቸው። «ብሎግ» የሚለው ቃል ራሱ እኮ የቀልድ ልጅ ነው። ጆርን ባርገር በ1997 «ዌብሎግ» የሚለውን ቃል አወጣ፤ ፒተር መርሆልዝ በ1999 ለጨዋታ ያህል ከመሀል ሰንጥቆ «ዊ ብሎግ» («እኛ እንብሎጋለን» እንደ ማለት) አለው። ስንጣሪው ዛሬ እኔና እርስዎ የምንጨነቅበት ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ትርጉም የለሽ ቃል ይፍጠሩ እያልኩ አይደለም። ባዶ ቃልን ትርጉም ለመሙላት ብዙ ማስታወቂያና ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚጽፍ ሰው ሁለቱም የሉትም። ለእርስዎ የሚበጀው ከመጀመሪያው ቀን ጥቂት ትርጉም ይዞ የሚነሣ፣ የቀረውን ከጽሑፍዎ የሚቀበል ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚገኘው ደግሞ ሙያዎ ውስጥ ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥዎ። ታይለር ኮወንና አሌክስ ታባሮክ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2003 የከፈቱትን ብሎግ «ማርጂናል ሪቮሉሽን» አሉት። ለሙያው ሰው በ1870ዎቹ የኢኮኖሚክስን አስተሳሰብ የለወጠው የኅዳግ ትንተና (አንዲት ተጨማሪ ነገር ምን ትጨምራለች ብሎ የማስላት) አብዮት መጠሪያ ነው። ለተራው አንባቢ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ የሚመጣ ለውጥ የሚል ድምፅ አለው። አንዱ ቃል ሁለቱንም አንባቢ በየበሩ ያስገባል። ሁለተኛው ኔት ሲልቨር በ2008 የጀመረው የምርጫ ትንበያ ብሎግ ነው፤ ስሙ «ፋይቭ ሰርቲ ኤት»፣ ማለትም 538። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በመጨረሻ የሚመርጡት ወኪል መራጮች ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ወዲያው ፈገግ ይላል፤ የማያውቅ «ለምን 538?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ስም ጥያቄ ያስነሣል፤ መልሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። መልሱ አንቀጽ የሚፈጅ ከሆነ ስሙን ይተዉት።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ ያደገበት ቋንቋ ነው፤ አንዱ ቃል ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጥ ውስጡን ሌላ ሲናገር ጆሮአችን ይገባዋል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት እንዲህ ያድርጉ። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ሥራ ቦታ ይዋሉ፤ እርስዎም ግንበኛውም አናጺውም በአፋችሁ የምትሉትን ቃል ሁሉ ይጻፉ። የመማሪያ መጽሐፉን ቃል ይተዉት፤ የሚጮኸውን ይያዙ። ማታ ቤትዎ ሲገቡ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አንድ ጥያቄ ያስቀምጡ፦ ይህ ቃል ለልጄም፣ ለድካሜም፣ ላነበብኩት መጽሐፍም ይሠራል? አብዛኞቹ አይሠሩም። «ፌሮ» ፌሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወርቅ የለውም። ሦስት ወይም አራት ቃላት ግን ይተርፋሉ።

እኔ ከውጭ ሆኜ ያሰብኳቸውን ልንገርዎ። «ቱንቢ» ውብ ነው። ክር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ይናገራል፤ አይዋሽም፣ አይጮኽም። «ውሃ ልክ» ከዚያም የተሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ «ልክ» የምትለዋ ቃል መጠንንም እውነትንም ትይዛለች። «ማገር» ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ምሰሶና ማገር» የሚለው ሐረግ በንግግር ስለተመላለሰ ትንሽ ዝሏል። «መሠረት» ደግሞ ያው ከትልልቆቹ ቃላት ጎራ ገብቷል፤ ደህና ሰንብት ይበሉት።

በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነበር። የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው ከተሞላ በ28ኛው ቀን መሆኑን ሳስታውስ «28 ቀን» የሚል ስም ብልጭ አለልኝ። ትዕግሥት ማለት ነው። ልጅም፣ መጽሐፍም፣ ከድካም ማገገምም ዛሬ ተሞልቶ ነገ አይጠነክርም። ግማሽ ቀን በዚህ ስም ፍቅር ተያዝኩ። ከዚያ ለሌሎች የምመክረውን ራሴ አደረግኩ፤ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም መፈለጊያው ላይ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ የፊልም ርዕሶች ጎረፉ፤ የቀረው ስለ ወር አበባ ዑደት ነበር። ስለ ኮንክሪት የሚጽፍ ሰው በዚያ ጎርፍ ውስጥ ሊታይ አይችልም። በዚያ ላይ አድራሻውን ሲናገሩ «ቁጥሩ በአኃዝ ነው ወይስ በቃል?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልክ አይለቅዎትም። ተውኩት፤ አሁንም ቅር ይለኛል። «ቱንቢ»ም በላቲን ፊደል ሲጻፍ የራሱ ጣጣ አለው። «ን» ከ«ብ» በፊት ስትመጣ አፍ ወደ «ም» ስለሚያዘነብል ብዙ ሰው «ቱምቢ» ብሎ ይጽፈዋል፤ እንዲህ ተጽፎ ሲፈለግ ደግሞ በፑንጃብ የሚታወቅ ባለ አንድ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይመጣል።

አሁን ወደ ራስዎ ጥያቄ እንመለስ። «ስለ ኮንክሪትና ስለ ስንጥቅ ግድግዳ» ብለው ጽፈዋል። ስንጥቅ! እኔ ብሆን ይህን ቃል አልለቀውም። ሰው ወደ መሐንዲስ ሮጦ የሚመጣው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም «አደገኛ ነው?» የሚል ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ድካም፣ ስለ መጽሐፍ የምንጽፈውም ብዙውን ጊዜ የሆነ ቦታ ስንጥቅ ስናይና አደገኛ መሆን አለመሆኑን መለየት ሲያቅተን ነው። ሁሉም ስንጥቅ አደጋ አይደለም፤ የልስን ስንጥቅ አለ፣ የመሠረት ስንጥቅ አለ። ብሎግዎ ሁለቱን መለየት ሥራዬ ነው ቢል ሙያውም ሕይወቱም አንድ ቤት ይገባሉ። «መሐንዲስ ራሱን ስንጥቅ ብሎ ይጠራል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሐኪም ስለ በሽታ ሲጽፍ ማን ይገረማል? ድፍረቱ ከከበደዎ «ውሃ ልክ» ሰላማዊ ምርጫ ነው፤ አልወቅስዎትም።

ስሙን ከመረጡ በኋላ ይፈትኑት። የመጀመሪያው ፈተና ስልክ ነው። በ1994 አሁን አማዞን የምንለው ድርጅት ሲመሠረት ስሙ «ካዳብራ» ነበር፤ ጠበቃው በስልክ ሲሰማ «ካዳቨር»፣ ማለትም ሬሳ፣ መሰለው። ጄፍ ቤዞስም ስሙን ለወጠ። እርስዎም ስሙን ለአምስት ሰዎች በስልክ ይንገሩና ጽፈው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ማብራራት፣ ፊደል መቁጠር የለም፤ አንዴ ብቻ ይናገሩ። ከአምስቱ ሁለቱ ከተሳሳቱ ስሙ በአፍ አይተላለፍም ማለት ነው።

ሁለተኛውን ፈተና ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። በሚቀጥሉት ዓመታት ሊጽፏቸው የሚችሉ አሥር ርዕሶችን ይዘርዝሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የክፉ ቀን ጽሑፍ ይሁን። የሥራ ባልደረባ በግንባታ አደጋ ሲሞት የሚጻፈው፣ ወይም ወላጅ ሲታመም። ስሙን ከላይ፣ ርዕሱን ከሥር አድርገው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ተጫዋች ስም በዚያ ቀን ያሳፍራል፤ የድል ስም በዚያ ቀን ያሾፋል። «የሕይወት ብርሃን» ከሚለው ሥር የሞት ዜና አስቀምጠው ይመልከቱት። «ስንጥቅ» ግን ያንን ቀንም ይሸከማል፤ የልጅዎ የመጀመሪያ ጥርስ የበቀለችበትንም ቀን ይሸከማል፤ እሷም ድድ ሰንጥቃ ነው የምትወጣው።

ሦስተኛው አጭር ነው፦ በሙያ ስብሰባ ላይ ቆመው «እኔ የእገሌ ብሎግ ጸሐፊ ነኝ» ብለው ጮክ ብለው ይናገሩ። ካፈሩ፣ አልቋል።

አሁን ያልኩዎትን የራሴን ታሪክ ላምጣ። የመጀመሪያ ብሎጌን «ጽሞና» አልኩት። ቃሉን ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ግማሹ አንባቢ በጸሎቱ «ጽ»፣ ግማሹ በፀሐዩ «ፅ» ይጽፈው ነበር። በላቲን ፊደል ያለው አድራሻ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ «ጽ»ን የምትተካ አንዲት የላቲን ፊደል ስለሌለች አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በሦስት፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፋታል። በ«ኤስ» ብቻ የጻፉት «ሲሞና» ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ውድ ሲሞና» የሚል ደብዳቤ የደረሰኝ አንዴ ብቻ አይደለም። ጢም ያለኝ ሰው ነኝ።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም፤ በአማርኛ ስም የሚያወጣ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ መለያ ቁጥር ካገኘ ከ1999 ጀምሮ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለእኛ አንድ ድምፅ ይሁኑ እንጂ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በቁጥር ልቀልድበት፦ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» እየተባለ በስድስት መንገድ ይጻፋል፤ ሲባዛ 12 «ፀሐይ» ይወጣል። በዝርዝርዎ ላይ ያለው «ኅብር» ሦስት መልክ አለው። በላቲን ደግሞ «ቀ» በ«ኬ» ነው በ«ኪው»? «ጠ» እና «ተ» በምን ይለያሉ? መልስ የለም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይጽፋል። «ስንጥቅ»ም «ጥ» እና «ቅ»ን አንድ ላይ ስለያዘ በላቲን አድራሻ ቢሆን ኖሮ እንዳይነኩት እመክርዎ ነበር። «ውሃ ልክ»ም ቢሆን «ውኃ» እና «ዉሃ» የሚሉ መንትዮች አሉት። በግዕዝ ፊደል አድራሻ መያዝ በቴክኒክ ይቻላል፤ ሥርዓቱ ግን ከውስጥ ወደ ላቲን ፊደላት ስለሚለውጠው ኮፒ ተደርጎ ሲላክ ብዙ ጊዜ «ኤክስ ኤን» በሚሉ ፊደላትና በሁለት ሰረዝ የሚጀምር ትርጉም አልባ ሰንሰለት ሆኖ ይታያል። እሱን አይቶ የሚጫን ደፋር ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው ማንነትዎን አድራሻው ይሸከም ያልኩት። አድራሻው የራስዎ ሙሉ ስም ይሁን፤ በዲፕሎማዎ፣ በፓስፖርትዎና በሙያ ፈቃድዎ ላይ በላቲን በተጻፈበት ፊደል፣ አንድም ሳይለወጥ። ገጹ ሲከፈት ከላይ በትልቁ በአማርኛ «ስንጥቅ» ይላል። አንባቢ ብሎጉን በርዕሱ ይጠራል፤ አሠሪና ደንበኛ በስምዎ ያገኙዎታል። ከሁሉም በላይ ርዕሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢጠብዎት ይለውጡታል፤ አድራሻው ከቦታው አይነቃነቅም። ጠባብ ስም ደግሞ ማንንም ያጋጥማል። ማሪያ ፖፖቫ በ2006 «ብሬን ፒኪንግስ» ብላ የጀመረችውን ታዋቂ ብሎግ በ15ኛ ዓመቱ፣ በ2021፣ «ዘ ማርጂናሊያን» ብላዋለች። ስሙ ከአድራሻው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ስም መለወጥ ቤት መልቀቅ ነው፤ አንባቢውን ሁሉ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚ ማዞሪያ ማስተላለፍ ያስፈልጋል፤ ጉግልም ይህ ማዞሪያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

የ538ን ታሪክ መጨረሻም ይስሙ። ብሎጉ አደገ፤ መጀመሪያ በጋዜጣ ሥር፣ ከዚያ በቴሌቪዥን ድርጅት ሥር ገባ። ሲልቨር በ2023 ሲለቅ ስሙ ከድርጅቱ ጋር ቀረ፤ በ2025 ድርጅቱ ዘጋው። ሰውየው አሁን የሚጽፈው «ሲልቨር ቡሌቲን» በሚል ስም ነው፤ የራሱን የቤተሰብ ስም ይዞ። ግሩም የነበረው ስም ተሸጠ፤ የማይሸጠው ስም አብሮት ሄደ።

አድራሻው የእርስዎ ይሁን ስል በወረቀት ጭምር ነው። በነፃ ከሚሰጥ አገልግሎት ሥር ያለ አድራሻ የእርስዎ አይደለም። ገንዘብ ከፍለው የሚይዙት ዶሜይን (የራስዎ የድረ ገጽ አድራሻ) እንኳን ኪራይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፣ ከዚያ ይታደሳል። «ጽሞና» የጠፋብኝ በዚህ ነው። የማሳሰቢያ ደብዳቤው የሚላከው ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ኢሜይል ነበር፤ ሥራውን ከለቀቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ስነቃ አድራሻው በቁማር ማስታወቂያ ተሞልቷል። ስለዚህ ሲመዘገቡ የማይለወጥ የግል ኢሜይል ይስጡ፤ ክፍያውን ደግሞ ራሱን በራሱ እንዲያድስ ያድርጉት። የአድራሻውን መጨረሻም በማማሩ አይምረጡ። ባለ ሁለት ፊደል መጨረሻ ሁሉ ማለት ይቻላል የአንድ አገር ወይም ግዛት ነው። «ዶት ኤልዋይ» የሊቢያ ነው፤ በ2010 በዚህ መጨረሻ የነበረ አንድ የአድራሻ ማሳጠሪያ ከአገሩ ሕግ ጋር አይሄድም ተብሎ ተዘግቷል። በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ፋሽን የሆነው «ዶት አይኦ» በሕንድ ውቅያኖስ ያለ የብሪታንያ ግዛት ነው፤ ብሪታንያ በ2024 ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ ለማስረከብ መስማማቷን ስታስታውቅ የአድራሻው ዕጣ ማነጋገር ጀመረ። «ዶት ኮም» አሰልቺ ነው፤ አሰልቺነቱን ይውደዱለት።

«የመሐንዲሱ ማስታወሻ»ን ለምን እንደሰረዝኩ አልነገርኩዎትም። ስሙ ሙያውን ብቻ ይነግራል፤ እርስዎ ደግሞ ግማሽ ሕይወትዎን ከውጭ አላስቀሩም። በዚያ ላይ ገላጭ ስም የማንም ስም ነው፤ የንግድ ምልክት ሕግም በብዙ አገር እንዲህ ላለው ስም ጥበቃ ለመስጠት ይቆጥባል። የሙያ መጠሪያውም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ በካናዳ «መሐንዲስ» ብሎ ራስን መጥራት ያለ ፈቃድ አይቻልም። «ኮንክሪት የሚል ቃል ስሙ ውስጥ ቢኖር በፍለጋ አልቀድምም?» የሚሉ ከሆነ፣ ያ ዘመን አልፏል፤ ጉግል በ2012 የፍለጋ ቃልን እንዳለ ስም ያደረጉ ደካማ ገጾችን ዝቅ የሚያደርግ ለውጥ አድርጓል። «ኅብር»ስ? ጥሩ ቃል ነው፤ ስንት ድርጅት ይዞታል?

ሙያና ግል አንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ አንድ ሌላ ነገር ይታሰብ። በ2002 አንዲት አሜሪካዊት «ዱስ» በተባለው ብሎጓ ስለ ሥራ ቦታዋ በመጻፏ ከሥራ ተሰናበተች፤ የብሎጉ ስም በእንግሊዝኛ «በጻፈው ምክንያት ከሥራ ተባረረ» የሚል ግስ እስከ መሆን ደረሰ። በስምዎ የሚጽፉ ከሆነ የሥራ ውልዎን አንዴ ያንብቡ። የድርጅትዎን ወይም የፕሮጀክትዎን ስም በብሎጉ ስም ውስጥ በምንም መልኩ አያስገቡ። የልጅዎንም ስም እንዲሁ፤ አሁን ጣፋጭ ይመስላል፣ ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ግን ይቅርታ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።

የቀረችው ከስሙ ሥር የምትቀመጠው ዓረፍተ ነገር ናት። እዚህ ጋ ቅኔ አያስፈልግም፤ ደረቅና ግልጽ ትሁን። «የአንድ ሲቪል መሐንዲስ ጽሑፎች፦ ስለ ግድግዳ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ መጽሐፍ» ብትል በቂ ነው። ማብራሪያው እዚያ ስላለ ስሙ ራሱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። አዲስ ርዕስ ሲጨምሩ እሷን ብቻ ያስተካክላሉ።

ዛሬ ማታ የስምዎን አድራሻ ያስመዝግቡ፤ እሱ መጠበቅ የለበትም። ርዕሱን ግን ለማንም ሳይናገሩ ሦስት ጽሑፎችን ከሥሩ ይጻፉ፤ አንዱ ስለ ሥራ፣ አንዱ ስለ ቤት፣ አንዱ ሁለቱ ስለተገናኙበት ቀን። በሦስቱም ላይ ስሙ ካልቆረቆረዎ ይክፈቱት። ከቆረቆረዎ ማስታወሻ ደብተርዎ ውስጥ ሌሎቹ ቃላት አሉ።

አንድ ነገር በምላሹ ልጠይቅ። ከምጽፍበት ክፍል መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አለ፤ ሳንቲም በጎኑ አይገባበትም፣ የመታወቂያ ካርድ ግን ይገባል። ካለፈው ዓመት ወዲህ የሰፋ ይመስለኛል። የልስን ነው የመሠረት? የመጀመሪያው ጽሑፍዎ ስለዚህ ቢሆን ቀድሜ የማነበው እኔ ነኝ።